ማኅተም የሚመሰክረው ስለ ምንድን ነው?

በዛሬው ጊዜ በውጭ አገር ልጅ ወይም ወንድም የሌለው ቤት ጥቂት ነው። አንዱ ለትምህርት፣ ሌላው ለሥራ፣ አንዷም ለትዳር ባሕር ተሻግረዋል። በዚህም ምክንያት የማኅበር ጽዋ በሚጠጣበት ቤት ሳይቀር የወረቀት ነገር ሳይነሣ የሚውልበት ቀን የለም። «የልደቱ ወረቀት ተተረጐመ ወይ?» «ውልና ማስረጃ ጨረሳችሁ ወይ?» «ውጭ ጉዳይ መታላችሁ ወይ?» ይባላል። እኔም መምህር በመሆኔ፣ ፊደል ያስቈጠረ ሰው የመንግሥትን ወረቀት ሁሉ ያውቃል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ የጐረቤቶቼን ሰነድ በየጊዜው አነባለሁ። ከዚህ ንባብ ያስተዋልሁት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ብዙ ሰው የሚደክመው ለመጨረሻው ማኅተም ሲሆን፣ ነገሩ የሚበላሸው በመጀመሪያው ወረቀት ላይ መሆኑ ነው።

አንድ የልደት ምስክር ወረቀት ከአገራችን ተነሥቶ በውጭ አገር ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ የሚሄደው መንገድ በአጭሩ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ወረቀቱን የሰጠው የምዝገባ መሥሪያ ቤት ወይም የበላዩ ሰነዱ ከእርሱ የወጣ መሆኑን ያረጋግጣል። ቀጥሎም ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ወደሚፈለገው ቋንቋ ይመልሰዋል፤ ትርጒሙም ሕዝቡ እስከ ዛሬ ውልና ማስረጃ እያለ በሚጠራው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ ክፍል ማኅተሙን ያኖርበታል። በመጨረሻም ወረቀቱ የሚሄድበት አገር ኤምባሲ፣ ሰነድ የሚያጸድቅ ከሆነ፣ የራሱን ምልክት ይጨምርበታል። የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ከውጭ ጉዳይ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጫ ይጠየቅበታል። ቅደም ተከተሉ እንደ ሰነዱ ዓይነትና እንደ ተቀባዩ አገር ስለሚለያይ፣ አስቀድሞ ተቀባዩን መሥሪያ ቤት «የማንን ማኅተም ትፈልጋላችሁ?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ብዙ ሰልፍ ያስቀራል። ማንም ያልጠየቀውን ማኅተም ለማስመታት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲንከራተት የከረመ ሰው አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ማኅተም ለምን አስፈለገ? ያልን እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ቀላል ነው። የውጭ አገሩ ጸሐፊ የወረዳችንን ሹም ፊርማ አያውቅም፤ የሚያውቀው በአዲስ አበባ ያለውን የራሱን ኤምባሲ ነው። ኤምባሲውም የወረዳውን ሹም አያውቅም፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ፊርማ ግን በመዝገቡ ይዞታል። እንዲሁ እየተባለ እያንዳንዱ ከበታቹ ላለው አንድ ደረጃ ብቻ ይመሰክራል። እንግዲህ ልብ እንበል። የላይኛው ማኅተም የሚለው «ከበታቼ ያለው ማኅተም እውነተኛ ነው» ነው። ከእነዚህ ሁሉ ማኅተሞች መካከል አንዱ እንኳ «ይህ ልጅ በእርግጥ በዚህ ቀን፣ ከዚህች እናት ተወለደ» አይልም። ያንን የሚናገረው የመጀመሪያው ወረቀት ብቻ ነው። በእርሱ ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ፣ አራት ማኅተም ቢያርፍበትም ስሕተቱ አራት ጊዜ ታትሞ ይሄዳል እንጂ አይታረምም።

ይህን ረጅም ሰንሰለት ለማሳጠር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1961 በሆላንድ አገር በሄግ ከተማ አንድ ዓለም አቀፍ ውል ተደርጓል። በዚህ ውል የገቡ አገሮች እርስ በርሳቸው አፖስቲል የሚባል አንድ የምስክርነት ምልክት ብቻ ይቀባበላሉ፤ ኤምባሲ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ጀርመን በ1966፣ አሜሪካ በ1981 ገብተውበታል፤ በቅርቡም ሳዑዲ ዓረቢያ በ2022፣ ቻይና በ2023፣ ካናዳም በ2024 ተጨምረዋል፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። አገራችን ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ በውሉ ስላልገባች፣ የእኛ ሰው የሚሄደው በአሮጌው ረጅም መንገድ ነው። በውጭ ያሉ ልጆቻችንም ይህን ሳያውቁ በሚኖሩበት አገር አፖስቲል አስመትተው የውክልና ወረቀት ይልካሉ። ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስላላየው ተቀባይነት ያጣል፤ እንደገና ይመለሳል፤ ወንድምና እኅትም በስልክ ይጣላሉ። የሚሻለው ልጁ በሚኖርበት አገር ወዳለው ኤምባሲያችን ራሱ ቀርቦ እንዲፈርም አስቀድሞ መንገር ነው። ከዚያ የመጣውም ወረቀት እዚህ በውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል።

ወደ መጀመሪያው ወረቀት እንመለስ፤ ከስም እንጀምር። በአገራችን ልማድ ሰው የራሱን ስም፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይጠራል እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖር ቢያስብም ሕዝቡ በሥራ አላዋለውም። የውጭ አገሩ ቅጽ ግን «የቤተሰብ ስም» የሚል ባዶ ቦታ አለው። እዚያ ላይ አንዱ ልጅ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላበታል፤ የአንድ እናት ልጆችም በወረቀት ባዕድ ሆነው ይቀራሉ። ሚስትም በባሏ ስም ስለማትጠራ ባልና ሚስት መሆናቸው ከስማቸው አይታወቅም።

በእኛ በክርስቲያኖች ቤት ደግሞ ሌላ የሚጨመር አለ። ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ ማርያም፣ ኀይለ ጊዮርጊስ የሚሉ ስሞች ሁለት ቃል ሆነው አንድ ስም ናቸው። ተርጓሚው ለያይቶ ሲጽፋቸው የባዕድ አገሩ ሰው «ወልደ» የልጁ ስም፣ «ሚካኤል» የአባቱ ስም መስሎት ይቀበላል፤ እውነተኛውም አባት አያት ሆኖ ይመዘገባል። በፓስፖርቱ ላይ ተጋጥሞ፣ በልደቱ ወረቀት ላይ ተነጣጥሎ፣ በትምህርት ማስረጃው ላይ በአጭሩ «ወ/ሚካኤል» ተብሎ የተጻፈን አንድ ሰው፣ ሦስቱም እርሱ መሆኑን ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል። የፊደሉም ነገር እንዲሁ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቀዩን አንዱ በኬ፣ አንዱ በኪው ይጽፈዋል፤ ጸሎቱን ጸ አንዱ በቲና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ። የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር የሰዋስው ሊቃውንት ሥራ ነው፤ ለቤተሰብ የሚበጀው ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈውን አጻጻፍ መሠረት አድርጎ፣ ተርጓሚውም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ያንን እንዲያይ ማድረግ ነው። ተርጓሚ ነቢይ አይደለም፤ ያላሳዩትን አያውቅም።

ስለ ቀን ደግሞ ጥቂት ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ቤት የተጐዳው በዚህ ነውና። የእኛን ዓመት ወደ አውሮፓውያን ስንመልስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ድረስ 7 ዓመት፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን ጀምሮ ደግሞ 8 ዓመት እንጨምራለን። ታኅሣሥ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እንደ እነርሱ ጃንዋሪ 7 ቀን 2006 ነው። ቸኩሎ 7 ብቻ የጨመረ ጸሐፊ 2005 ብሎ ይጽፈዋል፤ ልጁም በአንድ ሌሊት የአንድ ዓመት ዕድሜ ይጨመርበታል። ከዚህ የባሰ ደግሞ ወሩንና ቀኑን ሳይለውጥ ዓመቱን ብቻ የሚለውጥ አለ። ታኅሣሥ አራተኛ ወር ነው ብሎ «ኤፕሪል 29» ብሎ የጻፈ ወረቀት በእጄ ይዤ አይቻለሁ።

በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ የሚቀጥለው የዮሐንስ መስከረም 1 ቀን በሴፕቴምበር 12 ቀን ይውላል። ልደትንም በዮሐንስ ዘመን ታኅሣሥ 28 ቀን የምናከብረው ስለዚሁ ነው። ስለዚህ መስከረም 5 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ቀኗ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1999 እንጂ 15 አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ዲያቆን ይህን በጣቱ ቈጥሮ ይነግራችኋል፤ ሲጠየቅም ደስ ይለዋል።

አንድ ቀን ወይም አንድ ዓመት ምን ያመጣል? የሚል ሰው ቢኖር፣ የአሜሪካን አገር የስደተኞች ሕግ ይመልከት። በዚያ ሕግ ያላገባና ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከወላጁ ጋር የሚሄድበት መንገድ፣ ከዚያ ዕድሜ ካለፈው ልጅ መንገድ የተለየና ብዙ ጊዜም ያጠረ ነው። በወረቀት አንድ ዓመት ያረጀ ልጅ ወደ ረጅሙ ሰልፍ ይዛወራል፤ እናቱም ታናናሾቹን ተቀብላ የበኵር ልጇን ለዓመታት በስልክ ታሳድገዋለች። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ጸሐፊ 8 መጨመር ሲገባው 7 ስለ ጨመረና በቤት ውስጥ ማንም ወረቀቱን ደግሞ ስላላነበበ ነው።

እንግዲህ የክርስትና ወረቀትን ነገር ደግሞ እንመልከት። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ቢታሰብም ለብዙ ዘመን በሥራ ላይ ሳይውል ቆይቶ፣ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በመላው አገሪቱ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው ብዙ ጊዜ በልደቱ ሰሞን የተጻፈ ብቸኛው ወረቀት የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ምስክር ወረቀት ነው። የውጭ አገር መንግሥታትም ይህን ያውቃሉ። የአሜሪካ የቤተሰብ ማመልከቻ ቅጽ መመሪያ የልደት ምስክር ወረቀት ባልተገኘ ጊዜ የቤተ ክርስቲያንን ወረቀት በምትኩ ይቀበላል። ማኅተም ያለበት፣ የተወለደበት ቀንና ቦታ፣ የተጠመቀበት ቀንና የወላጆቹ ስም የተጻፈበት እንዲሆንም ይፈልጋል። ነገር ግን አንድ ቃል ይጨምራል፤ ጥምቀቱ ከልደት በኋላ በሁለት ወር ውስጥ የተፈጸመ መሆን አለበት ይላል።

አንባብያን ይህን ስታነቡ ወዲያው የሚታያችሁ ነገር አለ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። እንግዲህ የወንዱ ወረቀት በዚያ መመሪያ ውስጥ ሲገባ፣ የእኅቱ ወረቀት በ20 ቀን ያህል ያልፈዋል። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ሥርዓታችንን አስበው አላደረጉትም፤ ነገሩም ተስፋ የሚያስቈርጥ አይደለም። ለሴት ልጅ የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት ብቻውን ከመላክ ይልቅ የመጀመሪያ ክፍል ትምህርት ቤት መዝገቧን፣ በተወለደችም ጊዜ በሕይወት የነበሩና ነገሩን በራሳቸው የሚያውቁ የሁለት ሰዎችን የመሐላ ቃል አብሮ ማቅረብ ያስፈልጋል። የክርስትና እናት ለዚህ ምስክርነት ከማንም ትቀርባለች፤ ልጅቱን በእጇ ይዛ የቆመች እርሷ ናትና።

በወረቀቱ ላይ የሚጻፈውም ስም ሊታሰብበት ይገባል። ቤት ውስጥ ሰላም ተብላ የምትጠራ ልጅ በክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ ናት። ወረቀቱ ወለተ ጊዮርጊስን ብቻ የጻፈ እንደ ሆነ፣ የባዕድ አገሩ ጸሐፊ ይህች ሌላ ልጅ ናት ብሎ ይመልሰዋል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ የደብር ጸሐፊዎቻችን የዓለሙን ስምና የክርስትናውን ስም ጐን ለጐን፣ እናትና አባትንም ከነአያታቸው፣ ቀኑንም በሙሉ ቢጽፉ ትልቅ ውለታ ነው። ለአዳዲስ ወላጆች ደግሞ ይህን እላለሁ። የልደት ምዝገባ በ90 ቀን ውስጥ እንዲፈጸም ሕጉ ያዛል። ሴት ልጃችሁ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ 10 ቀን ይቀራችኋል። ድግሱ ካለፈ በኋላ በዚያው ሳምንት ወረዳ ሂዱ፤ ክርስትናውም ምዝገባውም በጊዜው ይደረጋል። በተክሊል ወይም በቁርባን የተጋባችሁም ጋብቻችሁ በሕግ የጸና ቢሆንም፣ በመዝገብ እንዲገባ የቤተሰቡ ሕግ ይጠይቃል፤ ጊዜውም 30 ቀን ነው። ባሏ በባዕድ አገር የሞተባት ሴት የጋብቻ ወረቀት ሳትይዝ ገንዘቡን ወይም ሬሳውን ለመጠየቅ ስትቆም፣ ያኔ ስለ ሠርጉ ምስክር ፍለጋ መዞር ከኀዘኑ ላይ የሚጨመር ኀዘን ነው።

ሰነድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ርስት ሲሰጡና ሲሸጡ፣ ሲናዘዙም፣ ቃሉን በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ያጽፉ ነበር፤ ከሥሩም የምስክሮቹ ስም ይሰፍር ነበር፤ የሚያፈርሰውም እንዲወገዝ ይጻፍ ነበር። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናትና በሌሎችም ገዳማት መጻሕፍት ይህን የመሰለ ጽሑፍ ብዙ አለ። የዛሬው የውልና ማስረጃ ሥራ ከዚያ በብዙ ቢለይም አንድ የሚያገናኛቸው ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ሹሙ ሰውየው ራሱ መሆኑን፣ አእምሮውና ዕድሜው ለመዋዋል የሚፈቅድለት መሆኑን፣ ሥልጣንም ያለው መሆኑን አይቶ በፊቱ ያስፈርማል። በቤቱ ፈርሞ በልጅ እጅ የሚልከው ሰው የሚመለሰው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልግባ። ወረቀቱ ሲበላሽ ብዙ ሰው ለማረም አይነሣም፤ ሌላ ለማስወጣት ይነሣል። በየመሥሪያ ቤቱ በር የሚቆም ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ አለ፤ ሦስት ምስክርም በዋጋ ያመጣል። እነዚያ ምስክሮች ልጁን አያውቁትም፤ ስሙንም የሚሰሙት በኮሪደሩ ላይ ነው። ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ይምላሉ፤ ለምሳ ይከፈላቸዋል። ከዚያ የወጣው ወረቀት ማኅተሙ እውነተኛ ነው፤ ሰንሰለቱንም ሁሉ ያልፋል፤ ከላይ እንዳልሁት ማኅተሞቹ ይዘቱን አይጠይቁምና። ሰውም «እነሆ አለፈ» ብሎ ደስ ይለዋል።

የሚያልፈው ግን እስከ አንድ ቦታ ነው። ጀርመን በኢትዮጵያ ሰነዶች ላይ ማኅተም ማጽደቋን ትታ፣ ይዘቱ እውነት መሆኑን በአገር ውስጥ የማስመርመር ሥርዓት ይዛለች። ይህ ዓይነቱ አጣሪ መዝገብ ይገልጣል፤ ትምህርት ቤትም ጐረቤትም ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል። በአሜሪካ በኩልም ወላጅነት ሲያጠራጥር የደም ዘር ምርመራ ይጠቈማል። እዚያ ላይ ሐሰቱ ሲገኝ የሚወድቀው ያ አንድ ወረቀት ብቻ አይሆንም። እውነተኛዎቹ ወረቀቶች አብረው ይጠረጠራሉ፤ በእውነት የተወለደውም ልጅ እንደ ሐሰተኛ ይታያል። አንዲት የሰፈራችን እናት ይህን አይታዋለች። ልጇ ዕድሜው እንዲያንስ ሁለተኛ የልደት ወረቀት ተወጥቶለት ነበር፤ ፊተኛው ደግሞ በትምህርት ቤት ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ጸሐፊው ምንም አልተናገረም፤ ሁለቱንም ፎቶ ኮፒ አድርጎ መለሰላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ እናቲቱ እኔን የምትጠይቀኝ «እውነተኛውን ብናቀርብ ኖሮ ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር?» እያለች ነው። ቈጥሬ ነገርኋት፤ የተጠበቀው ጊዜ ከዚያ በልጦ ነበር።

ስሕተት ያለበት ሰው የሚያርምበት ቀና መንገድ አለ። የጸሐፊ ስሕተት ሲሆን ለመዝገቡ ሹም ማስረጃ አቅርቦ ማመልከት፣ ከዚያ ያለፈ ሲሆን ደግሞ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሳረም ነው። ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን በፍርድ ቤት የታረመ ወረቀት ከነምክንያቱ ስለሚቀርብ፣ የሚጠይቅ ሲመጣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። በዚህም ጊዜ የታረመውን ብቻ ሳይሆን የፍርዱንም ግልባጭ አስተርጉሞ መላክ ይገባል።

ስለ ውክልና አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፍትሐ ብሔሩ በቁጥር 2204 እና 2205 ጠቅላላ ውክልናንና ልዩ ውክልናን ይለያል። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግ፣ መታረቅና መክሰስ ተለይቶ መጻፍ አለበት። «ሁሉን እንዲያደርግ» የሚል ቃል ጽፎ የላከ ልጅ እኅቱን ኪራይ ለመሰብሰብ እንጂ ቤቱን ለመሸጥ አልወከላትም። ደግሞም ውክልናው ተፈላጊ ሆኖ ካልቀረ ልጁ መሻሩን በዚያው መንገድ ማስመዝገብ አለበት፤ በስልክ «ተውኩት» ማለት መዝገቡን አይነካውም።

በቅርቡ አንድ አባት የልጆቻቸውን ወረቀት ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ሁሉም በሚገባ የተጻፉ፣ ስሙም ቀኑም የተስማማ ነበር። ነገር ግን እንዳይበላሹ ብለው አንድ በአንድ በፕላስቲክ አስለብጠዋቸው፣ ላሚኔት አድርገዋቸው ነበር። በፕላስቲክ ላይ ማኅተም አይይዝም፤ ፕላስቲኩ ሲላጥም የፊተኛው ማኅተም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ አዲስ ግልባጭ ለማውጣት ሁሉንም እንደገና መጀመር ግድ ሆነባቸው። ወረቀታችሁን በወፍራም ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ሳይታጠፍ፣ ከምድጃና ከጣሪያ ፍሳሽ ርቆ በሳጥን ውስጥ አኑሩት፤ ሁለት ፎቶ ኮፒም በሌላ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።